ነርሷ ስለ ቤታችን ስትጠይቅ

ነርሶች ንድፈ ሐሳብ እንዳላቸው ያወቅሁት፣ አንድ የግል ጤና ኮሌጅ ከእንግሊዝኛ የተመለሰ የማስተማሪያ ሞጁል ሰጥቶ አማርኛውን እንዳቃና በጠየቀኝ ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ነርስ ማለት ለእኔ መርፌ ይዛ መጥታ «ክንድዎን ላላ ያድርጉት» የምትል ሰው ነበረች። ሞጁሉ ግን ነርሲንግ በአራት ምሰሶዎች ላይ እንደቆመ ያስተምራል። ምሰሶዎቹ ሰው፣ አካባቢ፣ ጤና እና ነርሲንግ ናቸው። ቤት ራሱን ተደግፎ ሲቆም ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ሌላው ምዕራፍ ደግሞ ይብስ ነበር። በሽተኛ ራሱን የመንከባከብ አቅም አለው፤ የነርሷ ሥራ አቅሙ የጎደለበትን ቦታ ፈልጋ እዚያ ላይ ብቻ መግባት ነው ይላል። ስንፍናን እንዲህ አክብሮ የጠራ ጽሑፍ አላየሁም ብዬ ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብሁላት። ሽንኩርት እየከተፈች ስለነበር አልሳቀችም። ቀጥሎ ነርሷ ቁስሉን ከመንካቷ በፊት በሽተኛው የት እንደሚኖር፣ ከማን ጋር እንደሚኖር፣ ቀኑን በምን እንደሚያሳልፍ፣ ስለ ጤና ራሱ ምን እንደሚያስብ ጠይቃ መረዳት አለባት የሚል ረጅም ክፍል አለ። ምንም አልሰረዝሁም። ነጠላ ሰረዞቹን አስተካክዬ መለስሁላቸው። ብዙ በማንበብ ያተረፍሁት አንድ ጥርጣሬ ቢኖር፣ አንድ ሙያ ንድፈ ሐሳብ ማውጣት ሲጀምር «አክብሩኝ» ማለቱ እንደሆነ ነው።

በዚያው ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል የባለቤቴ አባት እግራቸው ቆሰለ።

እሳቸውን አባባ፣ ባለቤታቸውን እማማ ነው የምላቸው። ፉሪ ላይ፣ ከታች ኮንዶሚኒየም እየወጣበት ከላይ ስንዴ በሚዘራበት ዳገት ላይ ይኖራሉ። አባባ የስኳር በሽተኛ ናቸው። ኢንሱሊናቸው እንዳይሞቅ ውኃ ባለበት የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ይቀመጣል፤ ጠዋትና ማታ የሚወጋቸው የመጨረሻ ልጃቸው ነበር። ይህ ልጅ ሃያዎቹን ያጋመሰ ሰው ነው። በእንጨት ሥራ ይተዳደራል፤ ብዙ አያወራም፤ መርፌ ግን ከአብዛኛው ሐኪም በተሻለ ረጋ ብሎ ይወጋል። እማማ ደግሞ መርፌውን ነክተውት አያውቁም። ባሌን በብረት አልወጋም ብለው በግልጽ ተናግረው ነበር፤ ማንም ሊያሳምናቸው አልሞከረም፤ ልጁ አለና።

ጊዜው ግን መጥፎ ነበር። አዲስ አበባን ወደ ገበሬው ማሳ የሚያሰፋው ማስተር ፕላን ቀርቷል ተብሎ በሬዲዮ ተነግሯል። ፉሪ ላይ ያን ያመነ ሰው አላጋጠመኝም። አባባ የቀረው ወረቀቱ ነው፣ ሰዎቹ አልቀሩም ይሉ ነበር። ሜትር የያዘ ሰው በመንደሩ ካለፈ ውሾቹ ሳይጮኹ ሰው ከየቤቱ ይወጣል። ወጣቶች መንገድ ይዘጋሉ፤ መንገዱ ሲከፈት ደግሞ ወጣቶቹ ከየቤቱ ይለቀማሉ። እኔ የምኖረው ቡራዩ ነው። ፉሪ ለመድረስ ከተማውን አቋርጬ በጀሞ በኩል ስመጣ፣ በየታክሲው ውስጥ ሰው ስልኩን እያየ ዝም ይላል፤ ወይ ስለ ዝናብ ያወራል። በዚያ ሰሞን ስለ ዝናብ የተወራውን ያህል አልዘነበም።

ልጁ ከጓደኞቹ ሁለቱ ሲወሰዱ ሱሉልታ አክስቱ ዘንድ ሄዶ ተደበቀ። ለጥቂት ቀናት ነው ተባለ። ቀኖቹ ሳምንታት፣ ሳምንታቱም ወራት ሆኑ። ማሰሮው ውስጥ ያለውን ኢንሱሊን የነካው አልነበረም። አባባ አንድም ቀን ልጁ ይምጣልኝ አላሉም። እንዲያውም እማማ ያን ሲያነሱ ተቆጥተው ከቤት ይወጡ ነበር። ጭቃ ስለነበር ላስቲክ ቦት አድርገው ነው የሚወጡት። የስኳር በሽተኛ እግር እርጥብ ቦት ውስጥ ሲውል ምን እንደሚሆን ሁላችንም ያወቅነው ከሽታው ነው።

ሰበታ አንድ ትንሽ ክሊኒክ አስተኛናቸው። ሐኪሙ እግሩ ይተርፋል፣ አይተርፍም የሚለውን ስኳሩ ይወስናል አለ። ስኳሩ ከወረደ እግሩ ይድናል፤ ካልወረደ ከቁርጭምጭሚት በላይ ይቆረጣል። እንዲህ በግልጽ የተነገረ ነገር በዚያ ክረምት አልሰማሁም።

አንድ ሰው ሲተኛ ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ ይመጣል። የአባባም ጠያቂ ክፍሉን ሞልቶ ኮሪደር ላይ ይተርፍ ነበር። በማግስቱ ያ ሁሉ ሰው በተሰበሰበበት ነርሷ ገባች። ወጣት ናት፤ በዲግሪ የተመረቀች፤ ከደቡብ የመጣች ጴንጤ ናት፤ ወንድሟ እዚያው ሰበታ ፋብሪካ ይሠራል። ይህን ሁሉ ገና ስሟን ሳናውቅ ጠያቂዎቹ አጣርተው ነግረውኛል። ወንበር ሳበችና ከአባባ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ወንበር ስቦ የሚቀመጥ የመንግሥት ሰው እንጂ የሕክምና ሰው አይደለም ብለው ጠያቂዎቹ ያስቡ ነበርና፣ ክፍሉ ወዲያው ጭጭ አለ።

«ቤት ከማን ጋር ነው የሚኖሩት አባባ?»

«ብቻዬን።»

እማማ ከአልጋው ግርጌ ተቀምጠው ደህናውን እግር እያሹ ነበር። ነርሷ አየቻቸው።

«እኚህስ?»

«ጎረቤት ናቸው።»

እማማ ቀና ሳይሉ፣ «ደግ ጎረቤት ነኝ» አሉ።

ልጆች አሉዎት ወይ አለች። አንዲት ሴት ልጅ ብቻ፣ እሷም አግብታ ሄዳለች አሉና ያገባችውን ሰው፣ ማለትም እኔን፣ በአገጫቸው አሳዩአት። አጠቋቆማቸው የሚያዝን ሰው አጠቋቆም ነበር። ከዚያ መሬት ያርሳሉ ወይ ብላ ጠየቀች። አጠገባቸው የተኛው የሲኖትራክ ሹፌር ከጠዋት ጀምሮ ሲያቃስት ነበር፤ እሱ እንኳን ማቃሰቱን አቆመ።

«የምን መሬት?»

«ታዲያ ቀኑን በምን ያሳልፋሉ?»

«ተቀምጬ።»

«ኢንሱሊኑንስ ማን ነው የሚወጋዎት?»

«ራሴ ነኝ። በየቀኑ። አጓድዬ አላውቅም።»

ወደ መጨረሻ ላይ፣ ጤና ማለት ለእርስዎ ምን ማለት ነው ብላ ጠየቀቻቸው። ጥያቄውን አወቅሁት። ነጠላ ሰረዙን ያስተካከልሁት እኔ ነኝ። አባባ ረጅም ጊዜ አዩአትና ወደ እማማ ዞረው በኦሮምኛ፣ ጤና ማለት ሰው መሬቴን ሳይለካ ማደር ነው ብዬ ብነግራት ምን ታደርገኛለች አሉ። ጠያቂው ሁሉ ሳቀ። እሷም ፈገግ አለች። ሳይተረጎምላት ፈገግ ማለቷን ያስተዋልሁ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም፤ ግን ጨዋነት ይሆናል ብዬ ተውሁት።

ከወጣች በኋላ ሸንጎ ተቀመጠ። ፉሪ የምትኖረው የባለቤቴ ሌላዋ አክስት ይህችን ልጅ ቀበሌ በር ላይ አይቻታለሁ አለች። አንድ ጎረቤት፣ ስኳር ያለው ደም ውስጥ ነው ወይስ ማሳ ውስጥ፣ መሬት ምን አስጠየቃት አለ። እኔ ከመካከላቸው ያነበብሁ ሰው ነኝና፣ ይህ መጽሐፋቸው ላይ ያለ ነገር ነው፣ የበሽተኛውን ኑሮ መጠየቅ ትምህርታቸው ነው ብዬ አስረዳኋቸው። ነገሩን ያረጋጋሁ መስሎኝ ነበር። ጎረቤትየው ማን ነው የጻፈው አለኝ። አማርኛውን ያቃናሁት እኔ ነኝ አልሁ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እኔ ስገባም ድምፃቸውን ይቀንሱ ጀመር። አማች የሆነ፣ የሚጽፍ፣ ያውም የነርሶችን ጥያቄ የሚያቃና ሰው፤ እኔም ብሆን አላምነውም ነበር።

ነርሷ ግን በተነገራት ላይ ተመሥርታ ሥራዋን ቀጠለች። ብቻውን የሚኖር፣ ቀኑን ተቀምጦ የሚያሳልፍ ሽማግሌ ምን ያስፈልገዋል? ትንሽ የእጅ መስታወት ይዛ መጥታ አባባ ውስጥ እግራቸውን በራሳቸው እንዲያዩ አስተማረቻቸው። እስቲ ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሱ፣ መቀመጥ ደም ያዘገያል ብላ መከረቻቸው። ከበሬ ኋላ ተራራ ለተራራ ሲዞሩ ለኖሩ ሰው ነው ይህን የምትመክረው። እሳቸው በትሕትና አዳመጡ። እኔ ከጥግ ቆሜ ንድፈ ሐሳብ የሚባለው ነገር ውሸት ሲመገብ ምን እንደሚያበቅል እያየሁ፣ ልክ ነበርሁ ብዬ ትንሽ ደስ እንዳለኝ አልክድም። ስለ ቦቱ ማንም አላነሳም። ቀኑን የሚቀመጥ ሰው ቦት ምን ያደርግለታል?

ሐኪሙም የነገሩትን አመነ። በየቀኑ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ስኳሩ ይህን ያህል ከወጣ መድኃኒቱ አንሶታል ማለት ነው። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም የማደርገው ይህንኑ ነው። መጠኑን ጨመረው።

በማግስቱ ጠዋት ስደርስ የአባባ ትራስ በላብ ርሷል። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ዓይናቸው ተከፍቶ ለማላየው ሰው በሬዎቹን ፍታቸው፣ በሬዎቹን ፍታቸው ይላሉ። እማማ ውኃ ሊያጠጡ ይታገላሉ። ባለቤቴ ሮጣ ነርሷን ጠራች። ነርሷ ጣታቸውን ወግታ ስኳሩን ለካች፤ ቀና ሳትል ግሉኮስ አምጡ አለች፤ በደም ሥራቸው ሰጠቻቸው። ወደ ልቦናቸው ሲመለሱ የት ነኝ አሉ። ሰበታ ስትላቸው አሁንም? ብለው ተከፉ።

እሷ ግን አልሄደችም። አልጋው አጠገብ ቆማ ትንሽ አሰበች። ከዚያ ወደ እማማ ዞረችና በጠራ ኦሮምኛ ተናገረች። ቃሏ በአማርኛ ይህ ነው፦

«እማማ፣ ይህ መድኃኒት እቤት በየቀኑ እየተወጋ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እንዲህ አይጥላቸውም። ዶክተሩ የጨመረው እናንተ በነገራችሁት ነው። አንድ ሰው ይወጋቸው ነበር፤ ከዚያ አቁሟል። መቼ ነው ያቆመው?»

ክፍሉ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ በሐሳቡ ወደ ኋላ ሄዶ እሷ ባለችበት በኦሮምኛ ምን እንዳወራ ማስታወስ ጀመረ። በፊታቸው ላይ ይታይ ነበር። በኋላ ያደገችው ኦሮምኛ በሚነገርበት የቡና አገር መሆኑን ሰማን፤ ያን ጊዜ ግን ያወቅነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስትሰማን ሰንብታለች። የባለቤቴ አክስት ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳች።

አባባ ድምፃቸው ደክሟል። «እግሩን ይቁረጡት» አሉ ለእማማ። «አንቺ ዝም በይ።»

እማማ ሴት ልጃቸውን አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ። እኔን ያዩበት ምክንያት እስከ ዛሬ አይገባኝም፤ ምስክር ፈልገው ይሆናል። በመጨረሻ ነርሷን አዩአት።

«ልጄ ነበር የሚወጋው» አሉ። «ሰኔ ላይ አቆመ። አሁን የለም።»

ቀጣዩን ጥያቄ ሁላችንም ጠበቅን። ሹፌሩ እንኳን ጠበቀ።

«የት እንዳለ አልጠየቅሁም» አለች ነርሷ። «ከእሱ ሌላ መውጋት የሚችል ማን አለ ነው የምለው።»

«ማንም የለም።»

ወጥታ ለሐኪሙ ነገረችው፤ መጠኑ በዚያው ቀን ተቀነሰ። ስኳሩም ቀስ በቀስ ልክ ገባ። አንድ የእግር ጣት ተቆረጠ፤ እግሩ ተረፈ። ሲያስወጡን ሐኪሙ ደግሞ ነገረን፦ መርፌው እንደገና ከተቋረጠ ቁስሉ ይመለሳል፣ ያን ጊዜ ጣት ብቻ አይሆንም። ነርሷ በቀሩት ቀኖች እማማን ልታስተምር ሞክራለች። በብርቱካን ነው የሚያስተምሩት። እማማ ብርቱካኑን ያለ ችግር ወጉት፤ ወደ ባላቸው ሆድ ሲቀርቡ ግን እጃቸው ይቆማል። ብርቱካኑ አላገባኝም አሏት። ነርሷ አልሳቀችም፤ ለቁስሉና ለመርፌው ቤት እመጣለሁ አለች። ባለቤቴ አያስፈልግም፣ መንገዱ ይዘጋል፣ ጭቃ ነው፣ ውሻ አለ አለቻት። እሷ የትኛው ሰፈር እንደሆነ ብቻ ጠየቀች። አንድ ሰው ሰፈሩን ነግሯታል፤ ማን እንደነገራት አሁንም ያከራክራል።

መርፌው ግን የሚወጋው ሰው ይፈልጋል። አባባ ፉሪ በደረሱ በማግስቱ ልጁ ከሱሉልታ በእህል መኪና ተጭኖ መጣ። አባትየው አላናገሩትም። ልብሳቸውን ገልጠው ሆዳቸውን ይሰጡታል፤ ፊታቸውን ግን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ጠዋትና ማታ እንዲሁ። እሱም ወግቶ ወደ ጓዳ ይገባል። በዚያ ቤት ከመኝታ በቀር ያለ ሥራ ሁሉ የሚሠራው ጓዳ ውስጥ ሆነ።

ቅዳሜ ነበር። እኔም ነበርሁ። ነርሷ ከባጃጅ ወርዳ ዳገቱን ስትጀምር ልጆች በፉጨት ለመንደሩ አስታወቁ። እኛ ቤት እስክትደርስ ድረስ ስለ አካሄዷ፣ ስለ ቦርሳዋና ስለ ጫማዋ ሁሉም አስተያየት ሰጥቶ ጨርሷል። ልጁ ጓዳ መጋረጃ ኋላ ነው። ነርሷ ገባች፤ በኦሮምኛ ሰላምታ፣ አካም ኦልተን አለች፤ እማማ መለሱላት። በሬዎቹን አየች። ስንዴውን አየች። ከማሳው ጥግ የተተከለውን የቀያሽ ችካል አየች። ስለ አንዱም አልጠየቀችም። ያልጠየቀችው ከጠየቀችው ይልቅ አሳሰበኝ።

በሩ አጠገብ ላስቲክ ቦቱን አገኘችው። እጇን ከተተች፤ ስታወጣው እርጥብ ነበር። «ቁስሉ የወጣው ከዚህ ነው» አለች።

አባባ፣ «የጎረቤት ነው» አሉ።

እዚህ ላይ ሳቀች። ሳቋ ያስደነግጥ ነበር፤ እንዲህ አምልጧት የምትስቅ ሰው ትሆናለች ብዬ አልጠበቅሁም። ቦቱን ወስዳ ከደጅ ጣለችው፤ ደረቅ፣ ሽፍን ጫማ በካልሲ አለች፤ አባባ ተቃወሙ፤ አልሰማቻቸውም። ቁስሉን አጥባ በአዲስ ፋሻ አሰረች። ከዚያ የመርፌው ሰዓት ደረሰና እማማን በፊቷ እንዲወጉ ጠየቀቻቸው።

አባባ ልብሳቸውን ገለጡ። ሆዳቸው ላይ የሰሞኑ የመርፌ ምልክቶች ነበሩ፤ በሥርዓት ቦታ እየቀያየሩ የተወጉ። የእማማ እጅ መርፌውን ይዞ ሆዳቸው ጋ ሳይደርስ ይቆማል። ነርሷ ምልክቶቹን አየች፤ እጃቸውን አየች፤ ከዚያ ዓይኗ ወደ ጓዳው መጋረጃ ሄዶ እዚያው ቆየ። እኔ ፊቷን እያየሁ ከሁለቱ የትኛዋ እንደሆነች ለመለየት እሞክር ነበር፤ ነርሷ ወይስ ቀበሌ በር ላይ ታየች የተባለችው። ሰው ፊት በማንበብ አዋቂ ነኝ ብዬ እኖር ነበር።

«እኔ ደጅ ቆሜ ስንዴውን አያለሁ» አለች። «የሚወጋቸው ሰው ይውጋቸው። ከመውጋቱ በፊት ግን ስሪንጁን በበሩ በኩል አሳዩኝ።»

ተከትያት ወጣሁ። ለምን እንደወጣሁ እውነቱን ልናገር፤ ስልክ እንዳትደውል ለማየት ነው። አልደወለችም። እጆቿን አጣምራ ማሳውን እያየች ቆመች። ይህ ሞጁላችሁ ላይ አለ ወይ አልኋት።

«ሞጁሉ የታካሚውን ቤተሰብ እወቂ ይላል» አለችኝ። «ሁሉንም እወቂ አይልም።»

ጥሩ መልስ ነው። አስቀድሞ የተዘጋጀ ይመስል ነበር፤ ጥሩ መልሶችን የማላምናቸው ለዚህ ነው።

የእማማ እጅ በበሩ በኩል ስሪንጁን ይዞ ወጣ። ነርሷ ተቀብላ ወደ ብርሃን አነሳችው። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ለቤቱ በጠቅላላ፣ «ሁለት መስመር በዝቷል» አለች። እጁ ተመለሰ። ውስጥ ሹክሹክታ፣ ቀጥሎም አጭር ክርክር ተሰማ። የወንድ ድምፅም ነበረበት፤ የአባባ አይደለም። ስሪንጁ እንደገና ወጣ። «አሁን ልክ ነው» አለች። ከመሄዷ በፊት ደግሞ ወደ ውስጥ ሳትገባ ተናገረች፦ በአንድ ሰው እጅ ላይ የተንጠለጠለ ሕክምና አይሆንም፣ እማማ እስከሚቀጥለው ሳምንት ራሳቸው መውጋት አለባቸው፣ የሚያውቅ ሰው ያለማምዳቸው፣ ሳይዘገይ።

ያን ሳምንት በዚያ ቤት የሆነውን ባለቤቴ ነግራኛለች። ልጁ የእናቱን እጅ ይዞ ያለማምዳል። አባባ ነገሩ ገባቸው፤ እናት ቶሎ ካወቀች ልጅ ቶሎ ይሄዳል። እግራቸውን ለመስጠት የተዘጋጁት ሰውዬ አሁን ሆዳቸውን አቀረቡ። እማማ ያመነታሉ፤ እሳቸው ውጊ እንጂ፣ በሬ ሲያርድ ያደገ ቤተሰብ ልጅ አይደለሽም ወይ ይሏቸዋል። እማማ እየተሳደቡ ይወጋሉ። አንዴ አጣመው ወግተዋቸው አባባ ጮኸዋል፤ ከዚያ ከልጃቸው ጋር ከስንት ጊዜ በኋላ አብረው ስቀዋል። ከሳምንቱ መጨረሻ በፊት እማማ ብቻቸውን ወጉ። ልጁ በዚያው ቀን ወደ ሱሉልታ ተመለሰ።

ልጁ ከሄደ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ጠዋት ይሆናል። የቡራዩ መንገድ ተዘግቶብኝ ፉሪ አድሬ ነበር። እማማ ስሪንጁን ሞልተው፣ አባባ ልብሳቸውን ገልጠው ሳሉ ሁለት ፖሊሶችና አንድ የቀበሌ ሰው ወደ ግቢው ገቡ። ልጁን ነው የፈለጉት። የቀበሌው ሰው፣ አባቱን መርፌ ሊወጋ እንደሚመጣ ሰምተናል፣ ሰዓቱም ይኸው ነው አለ።

እማማ አልዞሩም።

«ቆዩ፤ መርፌ ይዣለሁ» አሉ።

የባላቸውን ሆድ ቆንጥረው ያዙ። ወጉ። ቀስ ብለው ገፉት። አንደኛው ፖሊስ ፊቱን አዞረ፤ መሣሪያ የያዘ ሰው መርፌ ማየት እንደማይችል ያን ዕለት አወቅሁ። እማማ ልጃቸው እንዳስተማራቸው ትንሽ ጠብቀው አወጡት። ከዚያ ዞሩ።

«የምወጋው እኔ ነኝ» አሉ። «ሌላ ሰው ካስፈለጋችሁ ፈልጉ።»

ፈለጉ። ጓዳውን፣ የከብቱን ቤት፣ የጭድ ክምሩን አዩ። ምንም አላገኙምና ሄዱ።

እንግዲህ ማን ነገራቸው? ልጁ የሚመጣው ለመርፌው እንደሆነ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ለባለቤቴ አክስት ነገሩ ዛሬም ያለቀለት ነው፤ ነርሷ ናት። ባለቤቴ ትቃወማለች፦ ልትናገር ቢሆን ኖሮ መጋረጃ ኋላ ቆሞ ሳለ ትናገር ነበር፤ ደግሞስ እማማ በሳምንት ውስጥ እንዲማሩ ያስገደደቻቸው ማን ናት? አክስት፣ ይኸው አይደል፣ እንደሚመጡ ካላወቀች ለምን አቻኮለቻቸው ትላለች። እኔ ሁለቱንም ክርክር ደጋግሜ አይቻለሁ። መረጃው አንድ ነው፤ ወደ ሁለቱም ወገን እኩል ይገባል። ጎረቤቶቹም ያውቁ ነበር። የእህል መኪናው ሹፌርም ያውቅ ነበር። እኔም አውቅ ነበር፤ አክስት ይህን ሳትናገረው በዓይኗ እንደምታስታውሰኝ አያለሁ።

ቁስሉ መታጠብ ስላለበት እማማ ወደ ክሊኒኩ እንመለሳለን አሉ። አክስት ሌላ ክሊኒክ ሞልቷል አለች። እማማ የእግሩን ነገር የምታውቀው እሷ ናት ብለው ዘጉት። እኔና ባለቤቴ አብረናቸው ሄድን። ነርሷ ፋሻውን ፈታች፤ ጥሩ ቀይ ሥጋ ሞልቷል፤ ሽታም የለውም። አባባ ሽፍን ጫማ አድርገዋል፤ ካልሲውን ግን አጥብቀው ይጠሉታል። ጥጡን በሳሙና ውኃ ነክራ ማጠብ ስትጀምር፣ እማማ ሳይጠየቁ፣ በዚያው በረጋ ድምፃቸው፣ ፖሊሶች ልጄን ፍለጋ ቤት መጥተው ነበር፣ በመርፌው ሰዓት አሏት። እየነገሯት ፊቷን ያያሉ። እኔም አያለሁ። አባባም ያያሉ።

ጥጡን የያዘው እጅ ቆመ። ምን ያህል እንደቆመ ከባለቤቴ ጋር አንስማማም።

«መርፌው ተወግቶ ነበር?» አለች።

«ተወግቷል» አሉ እማማ።

ራሷን ነቀነቀችና ማጠቧን ቀጠለች።